የአውራ ጣት ምልክት

«ጢኒጥ፣ ያንን ቅባት እንዳትረሺው። ሐኪሟ ይዛችሁ ኑ ብላለች።»

እናቷ ከሳሎን ስትጣራ ጢኒጥ የመኝታ ክፍሏን በር ከውስጥ ቆልፋ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። በግራ እጇ የቅባት ብልቃጥ፣ በቀኝ እጇ የሻይ ማንኪያ ይዛለች። የብልቃጡን ክዳን ከከፈተችው አምስት ደቂቃ አልፏል። ማንኪያውን ማስገባት ግን አቅቷታል።

ቅባቱ ላይ የአውራ ጣት ምልክት አለ። አክስቷ፣ የአባቷ እህት፣ የምትሠራው ቅባት ሁሉ ይህ ምልክት አለው። ሰሙና ዘይቱ ቀልጦ ብልቃጥ ውስጥ ከተገለበጠ በኋላ፣ ሊረጋ ትንሽ ሲቀረው፣ አክስት እጇን ሁለቴ ታጥባ ታደርቅና አውራ ጣቷን መሀሉ ላይ ጫን ታደርገዋለች። «አውራ ጣቴ ካለ ከኔ በኋላ ማንም አልነካውም ማለት ነው» ትላለች ለደንበኞቿ። ማኅተሜ ነው ማለቷ ነው።

ጢኒጥ እጅ ላይ ባለው ብልቃጥ ማኅተሙ እንዳለ ነው፤ የጣቱ መስመሮች ሳይቀሩ ይታያሉ። ችግሩም ይኸው ነው። ጢኒጥ ከአራት ቀን በፊት ለእናትና ለአባቷ፣ ፊቴን ያቃጠለኝ ይህ ቅባት ነው ብላለች።

«ጢኒጥ፣ ሰማሽኝ?»

«መጣሁ እማ።»

ዓይኗን ጨፍና ማንኪያውን ሰደደችው። ሦስት ማንኪያ ሙሉ ዝቃ አወጣችና በደብተር ወረቀት ጠቅልላ ትራሷ ሥር ወሸቀችው። የቀረውን በጣቷ አመሰቃቅላ ስትጠቀምበት የከረመች አስመሰለችው። እስካሁን የዋሸችው በአፏ ብቻ ነበር። አሁን እጇም ገባበት።

ነገሩ የጀመረው ትምህርት ቤት ነው። ከጢኒጥ ኋላ የሚቀመጥ፣ በሰው ሙድ ካልያዘ ምሳው የማይወርድለት አንድ ልጅ አለ። አንድ ቀን በሂሳብ ክፍለ ጊዜ ፀሐይ በመስኮት ገብታ የጢኒጥ ግንባር ላይ ስታርፍ፣ «ቲቸር፣ እዚህ መጥበሻ ተጥዷል፤ እንቁላል ይኖርዎታል?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መምህሩ ራሳቸው ሳቃቸውን ለመደበቅ ወደ ሰሌዳው ዞሩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጢኒጥ የሚለውን ስም የሚያውቀው ቤቷ ብቻ ሆነ። ትምህርት ቤት መጥበሻ ሆና ቀረች።

እውነት ለመናገር ፊቷ ወዛም ነው። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት ወዙ መጣ፤ ወዙን ተከትሎ ቡጉሩ መጣ። ጠዋት በሳሙና ፈትጋ ታጥባው፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ መልሶ ያብለጨልጫል። አክስቷ አንድ ቀን ፀጉር ቤቷ ውስጥ አገጯን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረቻትና፣ በሳሙና አትፈትጊው፣ በፈተግሽው ቁጥር ይብስበታል አለቻት። በቀን ሁለቴ ለብ ባለ ውኃ፣ ከዚያ ፊትሽ ሳይደርቅ ይሄንን ስስ አድርገሽ ብላ ብልቃጡን ሰጠቻት። ጢኒጥ አመስግና ተቀበለች፤ በሆዷ ግን ሳቀች። በወዝ መከራዋን ለምታይ ልጅ ቅባት! እንኳን ዘንቦብሽ እንዲሁም ጤዛ ነሽ ማለት ይሄኔ ነው። ብልቃጡን መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችውና ረሳችው።

የክፍሉ የመታሰቢያ ፎቶ ሊነሣ ሳምንት ሲቀረው ነው ዓይኗ አባቷ ጠርሙስ ላይ ያረፈው።

አባቷ ቆዳ አዳሽ ነው። የቤታቸው የፊት ክፍል ሥራ ቦታው ነው፤ ሰዎች የነተበ የእጅ ቦርሳ፣ የተላላጠ ጃኬት፣ ቀለሙን የለቀቀ ጫማ ይዘው ይመጣሉ። አዲስ ቀለም ከመቀባቱ በፊት አሮጌውን ቀለምና ላዩ ላይ የተጠራቀመውን ቅባት የሚያነሣበት፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ፈሳሽ አለው። በቤቱ ቋንቋ ስሙ «ገፋፊው» ነው። ጥጥ ነክሮ አንዴ ሲያብሰው ለዓመታት ሲያብለጨልጭ የኖረ ቦርሳ ወዙ ጥፍት ይላል። ጢኒጥ ይህን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስታየው ኖራለች። ሌላ ቤት ያደገች ልጅ እንዲህ ያለ ነገር በሐሳቧም አይመጣም ነበር። እሷ ግን፣ ወዝ የሚያጠፋ ነገር ቤታችን ውስጥ እያለ እኔ ምን አንከራተተኝ አለች።

በመጀመሪያው ቀን ተአምር መሰላት። ጥጡ ያረፈበት ቦታ ሁሉ ወዙ ጠፋ። ቆዳዋ ሲወጣጠር ተሰማት፤ ንጹሕ መሆን እንዲህ ነው ለካ ብላ ደስ አላት። በሁለተኛው ቀን ለበለባት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ ባዶው ውኃ ራሱ አቃጠላት። ፎቶው እስኪያልፍ ብላ ጥርሷን ነክሳ ቀጠለች። በስድስተኛው ቀን ጉንጮቿ በርበሬ መሰሉ፣ የአፍንጫዋ ግራና ቀኝ ተላጠ፣ አገጯም ውኃ መቋጠር ጀመረ። ፎቶውን ሳትነሣ ቀረች።

እናቷ መጋረጃ ሰፊ ናት። ያን ቀን ከስፌት ማሽኗ ቀና ስትል የልጇን ፊት አየችና፣ «ምን ነክቶሽ ነው? ምን ተቀብተሽ ነው?» አለች። አባቷም መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። እውነቱ የጢኒጥ ጉሮሮ ድረስ ደርሶ ነበር። ግን እንዴት ተብሎ ይነገራል? በሳይንስ ከክፍሉ ሁለተኛ የምትወጣ ልጅ፣ የቦርሳ ቀለም መግፈፊያ ፊቴን ቀባሁት ትበል? ሁለት ቃል ብቻ ከአፏ አመለጠ።

«የአክስቴ ቅባት።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። እናትና አክስት ድሮም እምብዛም አይጣጣሙም፤ እናቷ እኔኮ ብያለሁ፣ ፀጉር መሥራት ሌላ መድኃኒት መቀመም ሌላ እያለች ለጎረቤት ተናገረች። ጎረቤቷ ለጎረቤቷ አቀበለች። በማግስቱ ወሬው አድጎ፣ አካል ገዝቶ፣ የልጅ ፊት የገፈፈ ቅባት ተብሎ ፀጉር ቤቱ ደረሰ። ግማሾቹ ደንበኞች ብልቃጣቸውን መለሱ፤ ግማሾቹ ራሳቸውም ሳይመለሱ ቀሩ።

እናትና ልጅ ብልቃጡን ይዘው የሄዱባት የቆዳ ሐኪም መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሬን አያችሁ የምትል ዓይነት ሴት ናት። የጢኒጥን ፊት በመብራት አስጠግታ ብዙ አየችው። ከዚያ ብልቃጡን ከፍታ አሸተተች፤ ትንሽ በጣቷ ቆንጠር አድርጋ እጇ ጀርባ ላይ አሸችውና ምን ምን እንዳለበት ጠየቀች። እናቷ፣ ሰምና ዘይት ብቻ ነው ትላለች፣ እንግዲህ ማን ያውቃል ብላ መለሰች።

ሐኪሟ ወንበሯን ወደ ጢኒጥ አስጠጋች። የላይኛው ቆዳ ስስ ይምሰል እንጂ አጥር ነው አለቻት። የራሱ ቅባት አለው፤ ያ ቅባት የውስጡን እርጥበት እንዳያመልጥ ይይዛል፣ ከውጭ የሚመጣውን ጀርምና የሚያስቆጣ ነገር ሁሉ ያግዳል። ያ ቅባት ሙልጭ ብሎ ሲወጣ አጥሩ ይፈርሳል፣ ከዚያ በኋላ ውኃም ጠላት ይሆናል።

«ይሄ የሰም ሥራ አይመስለኝም» አለች። «ሰም ይሸፍናል እንጂ አይገፍም። ሌላ ምን ነክቷል ፊትሽን? ሎሚ? አልኮል? የሚያቀላ ክሬም? እኔ አልቆጣሽም።»

እናቷ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ከጎኗ ተቀምጣለች። ጢኒጥ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የቆዳ ሥዕል አየች። ላዩ ላይ ያለው ሽፋን ከሁሉም ይሳሳል።

«ምንም» አለች።

ሐኪሟ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ዓይኗ ላይ አደረገች።

«እንግዲያው ሳላውቅ ነው የማክምሽ» አለችና መጻፍ ጀመረች።

ውኃ ለቋጠረው ቦታ የሚቀባ መድኃኒት አዘዘችላት። ሳሙና ለጊዜው ይቅር፣ መፈተግ ይቅር፣ የሚላጠውንም መቆንጠጥ ይቅር አለች። በቀን ሁለቴ ለብ ባለ ውኃ መታጠብ፣ ከዚያ ፊቷ ሳይደርቅ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ስስ አድርጎ መቀባት፣ ፀሐይ ላይ ባርኔጣ ማድረግ። አጥሩ ራሱን መልሶ ይሠራል፤ ሳምንታት ግን ይፈጅበታል። ጢኒጥ እየሰማች ጆሮዋ ጋለ። ከመድኃኒቱ በቀር አክስቷ አገጯን ይዛ የነገረቻት ሁሉ ነው። የአክስትሽን ቅባት ግን ለጥንቃቄ አትንኪው አለች ሐኪሟ በመጨረሻ። ይህን ስትል ቅባቱ ያረፈበት የእጇ ጀርባ ለስልሶ ያበራ ነበር።

ቤት ሲገቡ አባቷ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋ ጃኬት እያየ ራሱን ይነቀንቃል። ጢኒጥን ጠርቶ አሳያት። እጅጌው እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል። ባለቤቱ ንጽሕና እወዳለሁ ብሎ በየሳምንቱ በአልኮል ሲወለውለው ኖሮ ነው አላት።

«ቅባቱ ያለቀበት ቆዳ ካርቶን ነው። ቀለሙን እመልስለታለሁ፤ ስንጥቁን ግን የሚመልስ የለም። የሰው ቆዳ ይሻላል፣ ጢኒጤ። ሕያው ስለሆነ ራሱን ይጠግናል፤ አንቺም ትድኛለሽ።»

ከዚያ ከመደርደሪያው ላይ ገፋፊውን አነሣ። ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አዘንብሎ በምን እንደጎደለ አሰበ። እየተነነ ነው መሰለኝ፣ ክዳኑ አልገጥም ብሎ ይሆናል አለና ፕላስተር አምጥቶ ክዳኑን ይጠቀልለው ጀመር። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር። ጢኒጥ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች። ልጁን ከመጠርጠር ክዳኑን የሚጠረጥር አባት ነው ያላት።

አመሻሹ ላይ አክስቷ መጣች።

አክስቷ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ ቤት የሚገባ ሴት ነበረች። ዛሬ ድምፅዋን ሳታሰማ ገባች። እናቷ ግቢ አለቻት እንጂ ከማሽኗ አልተነሣችም። አክስት በዚያ ሙቀት እጅጌው ረጅም ሹራብ ለብሳለች። ጢኒጥ አጠገብ ተቀምጣ ፊቷን አየች፤ እንደ ወትሮው አገጯን አልያዘችም፣ መንካት ፈርታለች። ከዚያ የሹራቧን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበች።

ክንዷ ላይ አራት ትናንሽ ፕላስተሮች ተደርድረዋል። ከእያንዳንዱ ሥር በእስክሪብቶ ተጽፏል፤ ሰም፣ አዲሱ ሰም፣ ዘይት፣ ቅባቱ።

«ሦስት ቀን አላነሣኋቸውም» አለች። «የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ ለሰው ምን ብዬ እነግራለሁ? አዲሱ ሰም ይሆን ብዬ ነበር። ግን እስካሁን የቀላው ፕላስተሩ የተጣበቀበት ብቻ ነው።» ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። «ይቅር በይኝ፣ የኔ ጢኒጥ። ጥሩ ያደረግሁ መስሎኝ ነው።»

የስፌት ማሽኑ ድምፅ ቆመ። ጢኒጥ አፏን ከፈተች፤ ሆዷ ውስጥ ያለው ሁሉ አሁን የሚወጣ መሰላት።

«ምንም አይደል፣ አክስቴ» አለች።

እግር ሥር መውደቅ የነበረባት እሷ፣ ይቅር ባይ ሆና ቁጭ አለች። እስካሁን ከዋሸችው ውሸት ሁሉ ያቺ «ምንም አይደል» ከፋችባት፤ ፊቷ የተቃጠለው በዕፍረት ይሁን በቁስሉ መለየት አቃታት።

አክስት ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆማ፣ የተረፉትን ብልቃጦች ነገ ሥራ ስትጨርስ እንደምትጥላቸው፣ ከእንግዲህም ቅባት እንደማትሠራ ነገረቻቸው። ያን ቅባት መጀመሪያ የሠራችው ለሌላ ሰው አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ሻምፖና የፀጉር ቀለም ውስጥ ሲነከር የሚውለው የራሷ እጅ ተሰነጣጥቆ ደም ሲወጣው፣ ማበጠሪያ መያዝ ሲያቅታት ነው ሰሙን ከዘይቱ እያመጣጠነች የሠራችው። ጢኒጥ ያን ጊዜ ትንሽ ብትሆንም የአክስቷን ጣቶች ታስታውሳለች። ያ ሁሉ ልፋት በእሷ ሁለት ቃል ሊጣል ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጢኒጥ አልጋዋን ስታነጥፍ ትራሷን አነሣች። ዘይቱ ከደብተር ወረቀቱ አልፎ አንሶላው ላይ መዳፍ የሚያህል ነቁጥ ሠርቷል። ወረቀቱን ፈታችና አየችው። ፊቷን ለብ ባለ ውኃ አጥባ፣ ከዚያ ቅባት በትንሹ ነክታ ያልቆሰለው ጉንጯ ላይ አደረገችው። ጠበቀች። አላቃጠላትም። ከሳምንት በላይ ፊቷን ነክቶ ያላቃጠላት የመጀመሪያው ነገር ነበር። ጥቂት ቆማ አለቀሰች፤ እንባው ግን አቃጠላት።

ከዚያ ወደ ፊት ክፍል ሄደች። እናቷ መጋረጃ ልታደርስ ወጥታ ነበር። አባቷ ብሩሽ ይዞ ጎንበስ ብሏል።

«አባ፣ ገፋፊውን ልውሰደው?»

«ለምንሽ?»

«ለአክስቴ ላሳያት።»

አባቷ ቀና አለ። በፕላስተር የተጠቀለለውን ጠርሙስ አየ፤ ከዚያ ፊቷን አየ። ዕድሜ ልኩን የተገፈፈ ቆዳ ሲያይ የኖረ ሰው ነው። ብሩሹን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«አልተነነም ማለት ነው።»

«አልተነነም» አለች ጢኒጥ።

ቢጮኽባት ይሻላት ነበር። እሱ ግን ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ፣ እህቴን፣ እህቴን አለ ለራሱ፣ በሁለት እጁ ፊቱን እያሻሸ። ከዚያ ቀና ብሎ አብሬሽ ልምጣ ወይ አላት። አዎ ለማለት ምላሷ ላይ ነበር። ብቻዬን አለችው። ለእናትሽስ ሲላት፣ ስመለስ እነግራታለሁ አለች። አባቷ ጠርሙሱን በፌስታል ጠቅልሎ ሰጣትና፣ እንዳይፈስብሽ በቁሙ ያዢው አላት።

መንገዱ አጭር ነው፤ ከስድስት ሱቅ በኋላ መታጠፊያው፣ ከመታጠፊያው ሦስተኛው በር። ጢኒጥ አክስቷን ብቻዋን ባገኛት እያለች ሄደች። ግን ቅዳሜ ነው፤ ፀጉር ቤቱ ሞልቷል። አንዷ ፀጉሯ ተጠቅልሎ ካስክ ውስጥ ገብታለች፤ ያ የፀጉር ማድረቂያ አሮጌ ስለሆነ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል። ሁለት ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ። መስተዋቱ ፊት የተቀመጠችው ቤታቸው አጠገብ ያለችው ጎረቤታቸው ናት። ቅባቱን መጀመሪያ የመለሰችው እሷ ናት፤ ፀጉሯን እንደ አክስት የሚያሳምርላት ሌላ ግን አላገኘችም።

ጢኒጥ ፌስታሉን ጭኗ ላይ አድርጋ ጥግ ተቀመጠች። ሰው ሲቀንስ እነግራታለሁ አለች። አንዷ ወጣች፣ ሁለት ገቡ። ቅዳሜ ፀጉር ቤት ባዶ እንደማይሆን ታውቃለች፤ እያወቀች ነው የምትጠብቀው። ከመስተዋቱ ሥር አንድ ካርቶን አለ። የተመለሱትና ያልተሸጡት ብልቃጦች ክዳናቸው ተነሥቶ ለመጣል ተደርድረዋል። አብዛኞቹ ላይ አውራ ጣቱ እንዳለ ነው። ሳይነኩ የተመለሱ ናቸው።

ጎረቤታቸው በመስተዋቱ ውስጥ ጢኒጥን አየቻትና ከንፈሯን መጠጠች።

«ወይ ልጄን፣ ምን አድርገውሽ ነው?» አለች፤ ይህን ስትል የምታየው ግን አክስቷን ነበር።

አክስቷ አንገቷን ደፍታ ማበጠር ቀጠለች። የሹራቧ እጅጌ እስከ አንጓዋ ወርዷል።

ጢኒጥ ተነሣች። ጠርሙሱን ከፌስታሉ አውጥታ መስተዋቱ ፊት፣ ከማበጠሪያዎቹና ከፀጉር መቆንጠጫዎቹ መሀል አስቀመጠችው። አንድ ነገር ስትናገር የካስኩ ጩኸት ዋጠው። አክስቷ አልሰማሁሽም በሚል አኳኋን ጆሮዋን አዘነበለች። አሁንም በጆሮዋ ልትነግራት ትችል ነበር፤ ጆሮዋ ቅርብ ነው።

«አክስቴ፣ ካስኩን አጥፊልኝ» አለች ጢኒጥ። «ሁሉም እንዲሰሙኝ ነው።»

አክስቷ ጠርሙሱን አየች፤ የወንድሟን አጠቃለል አወቀችው። እጇን በፎጣ ጠረገችና ሄዳ ካስኩን አጠፋችው።